የረጅሙ ልጅ

በእኛ ቤት አራት ሰው ነበርን፤ የአራታችንም የአባት ስም ለየቅል ነበር። እናቴ የአባቷን ይዛ መጣች፣ አባቴ የአባቱን፣ እኔ የአባቴን፣ ታላቅ እህቴ ደግሞ የራሷን አባት። እሷና እኔ የአንድ እናት ልጆች ነን፤ አባቷ ግን እኔ ሳልወለድ የሞተ ሌላ ሰው ነው። አባቴ በሚሠራበት የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ነበር። አንድ ቀን እቤት ተጋብዞ መጣና ስማችንን ከነአባታችን አንድ በአንድ ካስጠራን በኋላ፣ ይሄ ቤተሰብ ነው ወይስ ሆቴል ብሎ ጠየቀ። እኛ ሳቅን። አባቴ አልሳቀም። እህቴ ስሟን ከነአባቷ ስትናገር ግድግዳው ላይ ወዳለው የአባቷ ፎቶግራፍ ዞሮ ቀርቶ ነበር።

እኔ ፀጉር ቆራጭ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሳወራ ነው የምውለው፤ ወሬዬ ቢንዛዛ አትፍረዱብኝ። ደግሞም ይህን ጉዳይ ሳነሳ ንድድ ይለኛል። አባቴን እወደዋለሁ፣ ነፍሴ ነው። እህቴ ላይ የሠራውን ሥራ ሳስብ ግን እስካሁን ደሜ ይፈላል።

አባቴ የስም ወሬ አይጠግብም ነበር። ፋብሪካው ከየአገሩ የመጣ ሰው ይሠራበት ስለነበር በምሳ ሰዓት አንዱን ይዞ፣ ስምህ ምን ማለት ነው፣ ማን አወጣልህ፣ ለልጅህስ ምን ታወርሳለህ እያለ ቁም ስቅሉን ያሳየው ነበር። የመሐንዲሱ የቤተሰብ ስም «ሸክላ ሠሪ» ማለት ነው አሉ፤ በዘሩ ውስጥ እጁን ጭቃ ያስነካ ሰው ካየ ግን ዘመን የለውም። ላቦራቶሪ የምትሠራው ኬሚስት የቤተሰቧን ስም አስቀድማ ነው የራሷን የምታስከትለው፤ ከኔ በፊት እነሱ ነበሩ ትላለች። ጭነት የሚያወጣው ሰውዬ ደግሞ ስሙ የወጣለት በተወለደበት ቀን ነው። እነሱ ጋ ሐሙስ የተወለደ ወንድ ሁሉ እንደሱ ይባላል፤ አገሬ ገበያ መሃል ቆማችሁ ብትጠሩኝ ግማሹ ገበያ አቤት ይላል እያለ ያስቀን ነበር።

እኛ ግን ከልጃችን ስም ኋላ ነው የምንሰለፈው። ሰው የራሱን ስም ለልጁ የአባት ስም አድርጎ ይሰጣል። የልጅ ልጁ ላይ ሦስተኛ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠራውም። ልጅ የበዛለት ሰው ብዙ ቦታ ይጠራል። አንድ ልጅ ብቻ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው። የእህቴ አባት እሷ ብቻ ነበረችው።

እሱን ሰው ሁሉ «ረጅሙ» ነበር የሚለው። የፋብሪካው እንፋሎት የሚፈላበት የቦይለር ክፍል በር ላይ ሲደርስ ጎንበስ ካላለ ግንባሩን ይመታው ነበር አሉ። አባቴን ደግሞ «እንፋሎት» ይሉታል፤ ቦይለር ላይ ስለሚሠራ ይሁን ቶሎ ግንፍል ስለሚል እነሱ ያውቃሉ። ሁለቱም የአንድ ቦይለር ሠራተኞች ነበሩ። ረጅሙ በዕድሜም በሥራም ይቀድመዋል፤ እሳቱን እንዴት እንደሚያነብ፣ የትኛው ቧንቧ ሲጮህ መሸሽ የትኛው ሲጮህ መሳቅ እንዳለበት ያስተማረው እሱ ነው። አንድ እሁድ የከሰዓት ፈረቃው የአባቴ ነበር። እናቱ እንደታመመች ነግሮ ተካኝ ብሎ ረጅሙን ለመነው። ረጅሙ እሺ ብሎ ገባ። በዚያው ከሰዓት ቦይለሩ ፈነዳ።

አባቴ ያኔ ገና ያላገባ ጎረምሳ ነው። ለቅሶ ሊደርስ የሟች ቤት ገባ፤ ከዚያ በኋላ እግሩ ከዚያ ቤት አልወጣም። ጣራው ሲያፈስ ይወጣል፣ ውኃ ሲጠፋ ይቀዳል፣ ትንሿን ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል። እናቴ መጀመሪያ አካባቢ በሩን እየዘጋችበት፣ እሱ ደጅ ቁጭ ብሎ የተሰበረ ወንበር ይጠግን እንደነበር ነግራኛለች። ቆይቶ ተጋቡ። ሰው ምን አለ? ያላለው ምን አለ። በሟች ነፍስ ተርፎ በሟች ቤት ገባ አሉ። ይህችን አባባል የሆነ ወሬኛ አምጥቶ ጆሮው ላይ ጣለለት፤ አባቴ ደግሞ እንደ ፍርድ ተቀበላት።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምናደደው። የረጅሙን ፎቶግራፍ በትልቁ አሳጥቦ፣ በር ከፍቶ የገባ ሰው መጀመሪያ እንዲያየው አድርጎ ሰቀለው። እህቴን ለሰው ሲያስተዋውቅ «የረጅሙ ልጅ» ነው የሚለው፤ ለመምህራኗም፣ ለሐኪሙም፣ ለጎረቤትም። ትምህርት ቤት አንደኛ ስትወጣ በእሷ ፊት የሚያመሰግነው ፎቶግራፉን ነበር። ገና አንደኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ሊወስዳት ሲሄድ ከሩቅ አየችውና «አባዬ» እያለች ሮጣ መጣች። ጎንበስ ብሎ አቅፎ ሳማት። ከዚያ በጣም በቀስታ፣ አባትሽ ረጅሙ ነው፣ እኔን ጋሼ በይኝ አላት። አልተቆጣም፣ አልገፋትም። ቢገፋት ይሻላት ነበር፤ አልቅሳ ይወጣላት ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ያ ቃል ከአፏ ጠፋ። በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ ላይ እኔ አባዬ እላለሁ፣ እሷ ጋሼ ትላለች። እኔ አንተ እላለሁ፣ እሷ እርስዎ። እኔ ሳጠፋ በቀበቶ ያባርረኛል፤ እሷ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ምርጡ ጫማ ለእሷ ነው፣ የአጥንቱ ሥጋ ለእሷ ነው። እኔ በቅናት እበግን ነበር። ካደግን በኋላ ስናወራ ለካ እሷም በእኔ ቀበቶ ትቀና ኖሯል። የሰው ዕቃ እንደሚይዝ ሰው ነበር የሚይዘኝ አለችኝ።

እኔ ስወለድ የረጅሙን ስም ሊያወጣልኝ ፈልጎ ነበር። እናቴ እንቢ አለች። አንድን ሰው ቀብሬ ቀን በቀን ና ብላ፣ ና ታጠብ እያልኩ አልጠራውም ብላ ድርቅ አለች። እናም አያቴ ሌላ ስም አወጡልኝ፤ ትርጉሙ በአጭሩ «ደስ አለን» ማለት ነው። አባቴ ያን ስም ሲጠራ ሰምታችሁት ቢሆን! ደስ አለን የሚል ሰው ሳይሆን ይቅርታ አድርጉልኝ የሚል ነው የሚመስለው።

እህቴ ተምራ የጥርስ ሐኪም ሆነች። የራሷን ክሊኒክ ልትከፍት ክፍል ተከራይታ፣ ወንበሩን አስገብታ፣ ግድግዳውን ቀብታ ከጨረሰች በኋላ የቀረው በር ላይ የሚሰቀለው ሰሌዳ ነበር። አንድ ቅዳሜ ምሳ በልተን ሳህን ሳይነሳ፣ ሰሌዳው ላይ ከስሟ ቀጥሎ የጋሼ ስም እንዲጻፍ እንደምትፈልግ ተናገረች። ጠበቃ አማክራለች፣ ፍርድ ቤት አመልክታለች። የቀረው ጋሼ ዳኛ ፊት ቀርቦ በራሱ አፍ መስማማቱን መናገር ብቻ ነው። ይህን ስትል አንገቷን ደፍታ የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ትጠቀልል ነበር። ያቺ የሰው ጥርስ ስትነቅል እጇ የማይንቀጠቀጥ ልጅ።

አባቴ ተነስቶ ወደ ጓሮ ወጣ። እናቴ ሳህኖቹን ማንሳት ጀመረች። እህቴ እኔን አየችኝ፤ ምን ልበላት? ደንግጦ ነው፣ ይመለሳል አልኳት። ሲመለስ ስለሚያንጠባጥበው የጓሮ ቧንቧ ነበር የሚያወራው።

የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ሊደርስ ሲል እኔ ጋ ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። ሌላ ደንበኛ አልነበረም። ጨርቁን አንገቱ ላይ አስሬ ጀመርኩ፤ እሱ መስታወቱ ውስጥ ራሱን ላለማየት ዐይኑን ጨፍኗል። ለምንድን ነው ልጅቷን የምታሰቃያት ብዬ ጮህኩበት፤ ደግ አደረግኩ። ዐይኑን ሳይገልጥ መለሰልኝ።

«ዕድሜውን ወሰድኩ። ቤቱ ገባሁ። ሚስቱን አገባሁ። ልጁ በእኔ እጅ አደገች። የቀረው ስሙ ነው። እሱንም ልንጠቀው?»

እንግዲያው ይህንኑ ንገራት አልኩት። እሷ እኮ ልጄ እንድትባዪ አልፈልግም ያልካት ነው የሚመስላት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚመስላት አልኩት። ይህን ስነግረው ጨርቁ ስር እጁ ተንቀሳቀሰ። ከነገርኳት ሌላውም ይመጣል አለ። ሌላው ምን እንደሆነ ብጠይቀው ጨርስልኝና ልሂድ አለኝ። አንድ ጎኑ ሳይስተካከልለት ሄደ።

የፍርድ ቤቱ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሦስት አግዳሚ ወንበርና የሚንቋቋ ማራገቢያ ያለው። ዳኛዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ፣ ፊታቸው ሞቅ ያለ ሴት ናቸው። የእህቴን ማመልከቻ አይተው፣ እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲመጣልኝ ቀኔ ያምራል አሉ። ከዚያ አባቴን ተነስ አሉት። ይህች ወጣት እንደ ልጅህ በስምህ እንድትጠራ ትስማማለህ ወይ ብለው ጠየቁት። አባቴ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። እህቴ ፈገግ ብላ እየጠበቀችው ነበር።

«አልስማማም» አለ።

ዳኛዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ምክንያቱን ጠየቁት። ምክንያት የለኝም አለ። እህቴ ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ፤ የት እንደምትጥለው ያጣች ትመስላለች። እኔ ያን ጊዜ አባቴን ባንቀው ደስ ይለኝ ነበር። ዳኛዋ በእንዲህ ዓይነት ጉዳይ ሰው በግድ አባት አይደረግም፣ ማመልከቻሽ ውድቅ ነው አሏትና ቀጣዩን ባለጉዳይ አስጠሩ።

ኮሪደሩ በሰው ተጨናንቋል። እህቴ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ፊቷን ወደ ውጭ አዞረች፤ እናቴ ትከሻዋን ያዘቻት። አባቴ ራቅ ብሎ ቆመ። አይመጣም ብዬ ነበር፤ መጣ። እናም ያን ሁሉ ዘመን ያልተናገረውን ያ ሁሉ ባለጉዳይ በሚተላለፍበት ቦታ ተናገረው።

«እናቴን አላመማትም ነበር» አለ። «ያን እሁድ ጨዋታ ነበር። ኳስ ላይ ነው ዋሽቼው የሄድኩት። እሱ ሲቃጠል እኔ ስታዲየም ሆኜ አጨበጭብ ነበር። ስሙን የምወስደው በምን ዐይኔ ነው?»

ፈረቃ መቀያየራቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ውሸቱን ግን አልሰማንም። ሬዲዮ ላይ ኳስ ሲጀመር ተነስቶ የሚወጣው፣ እኔን ሜዳ ወስዶኝ የማያውቀው ለዚህ ኖሯል። እናቴን አየኋት። እናቴ የደነገጠች አትመስልም። እንዲያውም የተናደደች ነው የምትመስለው።

«ረጅሙ ያውቅ ነበር» አለችው። «ሸሚዙን እየለበሰ ነው የነገረኝ። እናቱ ደህና ናት፣ ጨዋታ ሊያይ ነው አለኝ። ልጅ ነው፣ ይይ አለ። እየሳቀ ነው የወጣው።»

አባቴ እያወቀ ነው የሄደልኝ ብሎ ጠየቀ፤ አዎ አለችው። ለምን አልነገርሽኝም ሲላት ደግሞ ፎቶውን ሰቅለህ ስለ ሰውዬው አንድ ቀን አውርተኸኝ ታውቃለህ ወይ ብላ ጮኸችበት። እኔ ይህን ስሰማ ሸክሙ ይወርድለታል ብዬ ነበር። የባሰ ጎበጠ። ተታልሎ ለሞተ ሰው ዕዳውን ሲከፍል ኖሮ፣ አሁን ደግሞ ሰውዬው አውቆ የተወለት ሆነበት። ባያውቅ ይሻለኝ ነበር አለ።

ያኔ ነው እህቴ ከመስኮቱ የዞረችው። ተቆጥታ ነበር፤ እንደዚያ ስትቆጣ አይቻት አላውቅም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ ማለቱን ተወችው።

«ስምህ ምን ያደርግልኛል?» አለችው። «ስምህን ወንድሜ ይዞታል። የአባቴም ስም ቢሆን እኔ ላይ ነው የሚያበቃው፤ እኔ የምወልደው ልጅ የሚጠራው በባሌ ነው። ይህ ጠፍቶኝ ይመስልሃል? እኔ የፈለግኩት አንድ ቀን፣ ሰው ፊት፣ ልጄ ናት ስትል መስማት ነው። ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው ዳኛ ያመጣሁብህ።»

አባቴ አያት አያትና ዞሮ ወደ ፍርድ ቤቱ ክፍል ተመለሰ። እኛም ተከተልነው። ውስጥ ሁለት ወንድማማቾች ስለ አጥር እየተካሰሱ ነው፤ እሱ በመካከላቸው አልፎ ዳኛዋ ፊት ቆመ። ተራ ያዝ አሉት። አልያዘም።

«ስሟ እንዳለ ይሁን» አለ። «ልጄ ግን ናት።»

ዳኛዋ ቅድም የወሰንኩት እንዳለ ነው፣ አሁን የምትለውን ፍርድ ቤቱ የሚመዘግብበት ቦታ የለውም አሉት። አይመዝገብ፣ ይሰማልኝ ብቻ አላቸው። ከዚያ ወደ አግዳሚዎቹ ዞሮ፣ ለእነዚያ ስለ አጥር ለሚካሰሱት፣ ለምስክሮቻቸው፣ በር ላይ ለቆመው ፖሊስ ደገመላቸው። ልጄ ናት አለ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ አወጣው። ሲወጣ ያለቅስ ነበር።

ወደ ቤት የተመለስነው በታክሲ ነው። እኔ ከሾፌሩ ጎን ነበርኩ፤ እነሱ ሦስቱ ከኋላ። እህቴ እጁን ይዛዋለች። መንገድ ላይ ሁለት ሦስቴ አፏን ከፍታ ስትዘጋ በመስታወቱ አየኋት። በመጨረሻ፣ ያ ቃል አልወጣ አለኝ አለችው። ምን እንደሆነ አልጠየቃትም። ግድ የለም አላት፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ከአፍሽ ያጠፋሁት እኔ ነኝ አለ። ሾፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰው።

ክሊኒኩ ተከፍቶ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። ሰሌዳው ላይ ያለው የረጅሙ ስም ነው። አባቴ ጡረታ ስለወጣ ውሎው እዚያ ሆኗል፤ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ጉንጩ ላበጠ ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ ሐኪሟ ልጄ ናት ይላል። አንዳንዱ በሽተኛ ሰሌዳውን አይቶ ስሙን ሲጠይቀው ግራ ይጋባል፤ እሱ አይጨነቅም። እኔ ጋ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሲመጣ ግን መስታወቱን አሁንም አያይም። ለሞተው ልክስ ብዬ በሕይወት ያለችውን በደልኩ ይለኛል፤ የረጅሙንስ ዕዳ እሱ ተወልኝ፣ የእሷን ማን ይተውልኛል ይላል። እሷ ትታልሃለች እለዋለሁ። አውቃለሁ ይላል፤ እንዲህ ሲል ግን የቀለለው አይመስልም።

ባለፈው ጥርሴን ላሳያት ሄጄ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። እህቴ ጓንቷን እያወለቀች ብቅ አለችና «ጋሼ» ብላ ጠራችው። ሰምቷታል፤ ቀና ብሎ እያያት ነው። «ወይ» ከማለቱ በፊት ግን ትንሽ ጠበቃት፤ ያን ሌላውን ቃል ትጨምር እንደሆነ።